በሠንጠረዡ ላይ ባዶ የቀረው መስመር

ፌንግዩዋን፣ ኦክቶበር 20

ወንድሜ ኩንሊን፣

እንዴት ነህ? ይህን የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዛሬ አርፍጄ ገብቼ ስሜ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ትላንት ኮምፒውተርህን ፎርማት አደረግሁት። አትቆጣ አልልህም፤ ብትቆጣ ደስ ይለኛል።

ከመሃል ስጀምር ስለማትወድ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ማርች 28 ቀን በዝናብ ስኩተርህን አስነሥተህ ስትወጣ ሠንጠረዡን እንደተከፈተ ትተኸው ነበር። አንድ ፕሮሰሰር፣ ሁለት ሲስተም። ፕሮሰሰሩ አንድ ትልቅ ሥዕል ከባዶ ሥሎ ለመጨረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? በአሮጌው ሲስተም 412። በአዲሱ ሲስተም፣ ባዶ። ቅዳሜ እሠራዋለሁ ብለህ ነበር። ከድልድዩ በታች ካለው መታጠፊያ ግን አልተመለስክም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው» ትለኝ ነበር። «ፕሮሰሰሩ ያው፣ ዲስኩ ያው፣ ክፍሉ ያው፣ ሰዓቱ ያው። ሲስተሙ ብቻ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ምን ገባህ?»

«ሲስተሙ ብቻ።»

«አልገባህም። ባንተ ጭንቅላት ውስጥ ፋን ብቻ ነው የሚሽከረከረው፤ ፕሮሰሰር ሳይገጥሙልህ ነው ከሆስፒታል ያስወጡህ።»

ክፍላችን ሳይሞቅ እንዲለካ ብለህ ማሽኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲነሣ አድርገኸው ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላም ተነሣ። ስክሪኑ ላይ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ኩንሊን» ይልና ፈተናውን ይጀምራል። እኔ ካንተ ባዶ አልጋ ማዶ ተኝቼ ፋኑን እሰማለሁ። የቀብርህ ዕለት ጠዋት እንኳን ተነሥቶ ቆጠረ። 412 አለ።

የአያታችን የአማ ታላቅ ወንድም አባባ ቺንቱዋን ፔናንግ ውስጥ ልባቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ገና ሳምንታቸው ነበር። ያንን ሠንጠረዥ የሚጠብቁት እሳቸው እንደሆኑ ታውቃለህ። አባል በሆኑበት ማኅበር ክፍል ውስጥ ልጆችን የሚያስተምሩባቸው አሥራ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ሁሉም ያንተ ዓይነት ፕሮሰሰር አላቸው። የአሮጌው ሲስተም ድጋፍ ኦክቶበር ላይ ስለሚቋረጥ ወደ አዲሱ ቢሄዱ ማሽኖቹ ይንቀራፈፉ እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነበር። አባዬ ከቀብር በኋላ ወጥ ቤት ጠራኝ።

«ልባቸውን ቀደው የሰፉት ገና አሁን ነው» አለኝ። «ዛሬ ብንነግራቸው ሌላ ቀብር ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ደብዳቤ ካልደረሳቸው ይጠረጥራሉ። አንተ ጻፍላቸው።»

«በማን ስም?»

አባዬ ማጠቢያው ውስጥ ያለውን ሰሃን ማጠብ ጀመረ። «ሲጻፍላቸው የኖረው በማን ስም ነው?» አለ።

ስክሪን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው በትልልቅ ፊደል አትመህ በፖስታ ትልክላቸው ስለነበር የእጅ ጽሕፈት የሚያሳጣኝ ነገር አልነበረም። ደብዳቤዎቹን በቅደም ተከተል ገልብጬልሃለሁ። በስምህ ምን እንዳልኩ የማወቅ መብት አለህ።


ፌንግዩዋን፣ ኤፕሪል 21

ለተከበሩ አባባ ቺንቱዋን፣

ይህ ደብዳቤ ከአልጋ ተነሥተው በረንዳዎ ላይ ነፋስ ሲቀበሉ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ልብዎን የጠገነው እጅ ይባረክ። አማ ደህና ናት። አባዬ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት። ታናሽ ወንድሜ ያዎ ሰነፍ ነው፤ ግን እሱም ደህና ነው።

የአሮጌው ሲስተም ውጤት ደርሷል፦ 412 ሰከንድ። ሦስት ጊዜ ተለክቶ መካከለኛው የተወሰደ ነው። የአዲሱን ለመሥራት ጥቂት ጊዜ ያስፈልገኛል። ሥራ በዝቶብኛል። አማ ጉሮሮዋን ስላመማት በስልክ ካላገኟት አይስጉ።

አክባሪዎ ኩንሊን


«ሰነፍ ነው» ያልኩት አንተን ለመምሰል ነው። አማ ጉሮሮዋን አላመማትም። ወንድሟን መዋሸት ስለማትችል ነው ስልኩን የማታነሣው። ሲጠራ ወደ ጓሮ ትወጣለች።


ፔናንግ፣ ሜይ 13

ይድረስ ቁጥር ሲያይ ምሳውን ለሚረሳው ኩንሊን፣

ሰማይ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ከእኔ ዕድሜ የሚተርፍ ካለም ላንተ ይጨመርልህ። እኔ ደረቴ ላይ እንደ ጆንያ ተሰፍቻለሁ። ሐኪሙ አትቆጣ ስላለኝ ከአሁን ወዲያ የምቆጣው በደብዳቤ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጀምር። የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ በስም ቆጥረህ ነገርከኝ። የራስህን ግን ዘለልክ። ሃያ ስምንት ዓመት ቺፕ ስመረምር የኖርኩ ሰው የጎደለ መስመር አያመልጠኝም። ትበላለህ? ትተኛለህ? ወይስ ከዚያ ማሽን ጋር ተጋባችሁ?

እህቴ ስልክ ካነሣች ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያለችው በስድስት ዓመቷ ብስክሌቴን የሰበረች ጊዜ ብቻ ነው።

የአዲሱን ቁጥር እጠብቃለሁ። ፖስታው ውስጥ ሃምሳ ሪንጊት አለ። ለምሳ ነው። ዕቃ ብትገዛበት አልምርህም።

የአያትህ ወንድም ቺንቱዋን


ገንዘቡን ለአባዬ ሰጠሁት። አባዬ ፎቶህ ከተቀመጠበት መሠዊያ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እስካሁን እዚያው ነው።


ፌንግዩዋን፣ ጁን 6

ለተከበሩ አባባ ቺንቱዋን፣

የተሰፋው ቁስልዎ ሳያሳክክዎ ድኖ፣ እንደ ልብዎ የሚቆጡበት ቀን ይምጣልዎ። ለምሳ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ይበላል። የአማ ጉሮሮ ገና ነው። አዲሱን ሲስተም ያልጫንኩት በዝናቡ ምክንያት ነው። መብራት ይሄድብናል።

አክባሪዎ ኩንሊን


«እበላለሁ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌው ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።


ፔናንግ፣ ጁን 24

ይድረስ ለኩንሊን፣

ጤናህ ይብዛ፤ ቃልህ ደግሞ ያንሳል፣ እሱም ይብዛልህ። ዝናብ ፕሮሰሰር ውስጥ መግባት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ልጆቹ «ታይዋን ያለው ዘመድህ ኤሊ ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ኤሊ እንኳ ይደርሳል አልኳቸው።

«ይበላል» ብለሃል። ማን ነው የሚበላው? በዚህ ጊዜ ገንዘብ አልላክሁም። መብላትህን የማውቅበት አንድ ፎቶ ላክልኝ፤ ማሽኑ አጠገብ ቆመህ። የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው፤ አንድ ፎቶና አንድ ቁጥር።

ቺንቱዋን


ፎቶ ከየት ላምጣ? ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ልስጣቸው አልኩ። አዲሱን ሲስተም ለመጫን አንተ ሁልጊዜ ዲስኩን ከሥሩ ታጠፋ ነበር። «ዕቃ ሳታወጣ ቤት ቀለም ትቀባለህ እንዴ?» ትል ነበር። እኔ ግን እጄ አልታዘዘኝም። ከተጫነ በኋላ ማን «እንኳን ደህና መጣህ፣ ኩንሊን» ሊል ነው? ከአሮጌው አናት ላይ ጫንኩት። ስምህ ቀረ፣ ዕቃህ ቀረ፣ የጠዋቱ ፈተናም ቀረ። ቁጥሩ ግን ተበላሸ። ከአሮጌው የተረፈው ሁሉ ከኋላ እየሠራ ፕሮሰሰሩን ይሻማው ነበር። ያንን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሠንጠረዡ ላይ ሞላሁት፣ ላክሁትም።


ፌንግዩዋን፣ ጁላይ 15

ለተከበሩ አባባ ቺንቱዋን፣

ይህ ሙቀት ደረትዎን ሳያስጨንቀው እንዲያልፍ ምኞቴ ነው። የአዲሱ ሲስተም ውጤት 447 ሰከንድ ነው። ዲስኩን አጽድቼ ነው የጫንኩት። ከመቶ ስምንት ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ለልጆቹ አሮጌው ይሻላል ማለት ነው። ስለ ፎቶው ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካሜራው ተበላሽቷል።

አክባሪዎ ኩንሊን


ከዚያ ዝም አሉ። ሃምሳ ቀን ፖስታ ሣጥኑን ከፈትኩ። በየጠዋቱ ማሽኑ ተነሥቶ ያንተን ስም ጠርቶ 447 ይል ነበር።


ፔናንግ፣ ኦገስት 30

ይህን ፖስታ ለሚከፍተው፣

ማንም ብትሆን ሰላም ላንተ ይሁን። 447 ሲደርሰኝ ከአሥራ አራቱ ማሽኖች አንዱን መርጬ ዲስኩን አጥፍቼ አዲሱን ሲስተም ጫንኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። 414።

ዲስኩን አላጸዳኸውም። ኩንሊን ከሁለት ዓመት በፊት፣ እኔው ራሴ ከአናቱ ላይ ጭኜ ቁጥር ብልክለት ስምንት ገጽ የተግሣጽ ደብዳቤ ጽፎልኛል። እስካሁን አለኝ። «አባባ፣ ይህን የላኩልኝ ለዕድሜዎ አክብሮት እንዳይኖረኝ ነው?» ይላል፤ ያ ባለጌ። እንዲህ ያለ ሰው ከአናት ላይ አይጭንም። ቢጭን እንኳ «አጸዳሁ» ብሎ አይጽፍም።

ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ የማይሆን ቁጥር ሲሰጠኝ ቺፑን አልጠይቀውም ነበር። የለካውን እጅ ነው የምጠይቀው። ልጄ፣ የማን እጅ ነው?

ሐኪሙ የሰፋበት ክር ጠንካራ ነው ብሎኛል። ጻፍልኝ።

ቺንቱዋን


ፌንግዩዋን፣ ሴፕቴምበር 4

ለተከበሩ አባባ ቺንቱዋን፣

በእጄ የምጽፈው ከአሁን ወዲያ የምደብቀው ስለሌለኝ ነው። ያዎ ነኝ። ሰነፉ።

ወንድሜ ማርች 28 ቀን ከሥራ ሲመለስ ስኩተሩ ተንሸራቶ ሞተ። እርስዎ ያን ቀን ሆስፒታል ነበሩ። አባዬ ዝም በሉ አለን፤ አይፍረዱበት። እኔም ዝም ብዬ ብቻ አልቀረሁም፣ በስሙ ዋሸሁ፤ በእኔ ይፍረዱ።

ቀብሩን ማወቅ ይፈልጋሉ ብዬ አስባለሁ። ሽማግሌ ልጅን ስለማይሸኝ አማን ከኋላው ክፍል አስቀምጠን በሩን ዘጋንባት። አባዬም እማዬም ከደጅ አልወጡም። ሣጥኑ ከመውጣቱ በፊት ግን ለአባዬ ዱላውን ሰጡት፤ ቀድሞ የሄደ ልጅ ይገሠጽ ተብሎ። ሦስት ጊዜ መምታት ነበረበት። አንደኛው ተሰማ። ሁለተኛውም ተሰማ። በሦስተኛው ዱላውን ሣጥኑ ላይ አስደግፎ ቀረ። ከቤት ተከትዬ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ታናሽ ስለሆንኩ ተፈቅዶልኛል።

ዲስኩን ያላጠፋሁት በየጠዋቱ ስሙን ስለሚጠራ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለልጆቹ የተሳሳተ ቁጥር ስለላክሁ ይቅርታ ይደረግልኝ። ልብዎ ቢያምዎ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያዎ


ፔናንግ፣ ኦክቶበር 9

ይድረስ ለያዎ፣

ከእንግዲህ ደብዳቤ በራስህ ስም ይድረስህ። ክሩ አልተበጠሰም። ሁለት ቀን ተኛሁ፣ ተነሣሁ። ይኸው ነው።

አውቅ ነበር ብልህ ይቀልህ ይሆን? በመጀመሪያው ደብዳቤ የራሱን ጤና ሲዘል አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ገባ። እህቴ ስልክ ሳታነሣ ስትከርም ገፍቶ ገባ። ግን ቁጥሩን መጠየቅ አላቆምኩም። እሱ ካለ ቁጥሩ ይመጣል፣ ቁጥሩ እስኪመጣ ደግሞ አለ እያልኩ። ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሞኝነት ሲሠራ የሚያይ ሰው አለመኖሩ ጥሩ ነው። አንተን ለዚህ ሁሉ ውሸት ያበቃሁህ እኔም ነኝ።

አባትህ የሚገባውን አድርጓል። እዚያ ብኖር ለእኔም ዱላ ይሰጡኝ ነበር። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ በከዘራዬ ጠረጴዛውን መታሁት። የጎረቤት ልጅ ሮጣ መጥታ «ምን ወደቀ?» አለችኝ። ምንም፣ አልኳት።

አሁን ስለ ሥራው። ቁጥሩ ለማንም አያስፈልግም። ማኅበሩ ክፍሉን ለመጋዘን ፈልጎት ኮምፒውተሮቹን በኪሎ ሸጣቸው። አሥራ አራቱንም፣ 414 ያለውንም ጭምር። ሲጭኗቸው ቆሜ አየሁ። ልጆቹ አሁን ሩብ ሰዓት ያህል መጥተው በር ላይ ይቀመጡና ይሄዳሉ።

ስለዚህ አጥፋም አታጥፋም አልልህም። አንድ ነገር ግን ልበልህ። ባዶ መስመር አያሳፍርም። እኔ ባዶ መስመር የተተወባቸው ስንት ገጾች ላይ ፈርሜያለሁ። 447 ግን በስሙ ቆሟል፤ እሱም አልለካውም። የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም። ያንን አስብ።

ለእህቴ ስልኩን አንሺው በላት። መናገር የለብንም። ዝም ብለን እንይዘዋለን።

ቺንቱዋን


ኩንሊን፣ የደረሱኝ ደብዳቤዎች እነዚህ ናቸው።

አማ ባለፈው እሑድ ስልኩን አነሣች። ሃያ ደቂቃ ይዛው ተቀመጠች። ከወዲያም ከወዲህም አንድ ቃል አልሰማሁም። ስትዘጋው «ሰላም ብሎሻል» አለችኝ እማዬን የምታናግር ይመስል፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች።

447ን መሰረዝ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሠንጠረዡን ግን አንተ እንደተውከው ባዶ መስመር ይዞ ማየት አልቻልኩም። ትላንት ከሰዓት በኋላ ፎቶዎችህንና ሠንጠረዦችህን ሁሉ ትንሽ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። አዲስ ዲስክ ገዝቼ ያንተን ሳልነካ መሥራትም እችል ነበር። «ዲስኩ ያው» ትለኛለህ፤ ስለዚህ አልገዛሁም። አባዬ በር ላይ ቆመ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ላጠፋው ነው።»

«ሁሉንም?»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው» አልኩት።

ወደ አልጋህ አየ። «እሱ ነበር እንዲህ የሚል» አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ለማጥፋት አርባ ሰከንድ አልፈጀም። አንተ ለሁሉ ነገር ሰከንድ ስለምትቆጥር ቆጠርኩልህ። ሲስተሙ ተጭኖ ሲያልቅ «ይህን ኮምፒውተር የሚጠቀመው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስምህን ጻፍኩ። አጠፋሁትና የእኔን ጻፍኩ።

ዛሬ ጠዋት አንተ በክፍሉ ውስጥ ያልነበርክበት የመጀመሪያ ጠዋት ነው። እስከ ትላንት ድረስ ቢያንስ ስምህ ይጠራ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ተነሣ። የመነሻ ሰዓቱን የሞላኸው ዲስኩ ላይ ሳይሆን የማሽኑ ዋና ቦርድ ላይ ስለሆነ አብሮ አልጠፋም። ያንን ረስቼው ስለነበር ደነገጥኩ። ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ስክሪኑ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ያዎ» አለና ዝም አለ። ፈተናውን መልሼ ጭኜዋለሁ፤ በራሱ የሚያስጀምረው ግን የለም። ፋኑ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ ረጋ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየሁ፤ ሃያ አራት ተኩል። ጻፍኩት። እንደ ደንብህ ማሽኑ እስኪረጋጋ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። እማዬ ከታች «የሩዝ ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው» አለች። ከዚያ በእጄ አስጀመርኩት። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲሞላ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አየሁት። 413። እንደገና፤ 412። እንደገና፤ 412።

መካከለኛው 412።

ሠንጠረዡን ከትንሹ ዲስክ ከፍቼ 447ን ሰረዝኩና ባዶ በነበረው መስመር ላይ 412 ጻፍኩ። ከላዩ ያንተ 412 አለ። በዚህ ዓለም ላይ ማንም ሰው ይህን ሠንጠረዥ ቢያየው ምንም የተቀየረ ነገር እንደሌለ ነው የሚያነበው።

ማሽኑን ዘጋሁት። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ የቀዘቀዘውን ገንፎ ቆሜ በላሁ፣ ወጣሁ።